የሸራ ጀልባ ይወዱ የነበሩ ስደተኛ መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ እንዴት ይጻፍ?

ጥያቄ፦ ባለማስታወሻ

ጤና ይስጥልኝ። ለ11 ዓመታት አብሬያቸው የሠራሁ፣ ሙያውንም ከእሳቸው የተማርኩ አንድ መሐንዲስ ባለፈው ወር ዐርፈዋል። በመታሰቢያቸው ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ቤተሰባቸው አደራ ስለሰጡኝ ሦስት ገጽ ያህል ጽፌ ነበር፤ ይሁንና ረቂቁን ያነበበችው ልጃቸው «ይህማ የአባዬ የሥራ ማመልከቻ ነው እንጂ አባዬ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። ደግሜ ሳነበው እውነቷን ነው፤ የተወለዱበት፣ የተማሩበት፣ የተሰደዱበት፣ የተቀጠሩበትና ጡረታ የወጡበት ዘመን ተሰልፎ ቆሟል፤ ሰውየው ግን የሉበትም።

ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ነበር የምጠራቸው፣ የውሃ ፓምፕ መሐንዲስ ነበሩ። በ34 ዓመታቸው ተሰደው በገቡበት አገር ዲግሪያቸው ተቀባይነት ስላላገኘ፣ ሌሎች ያሰሉትን በንድፍ ወረቀት ላይ እየገለበጡ ሦስት ዓመት ከቆዩ በኋላ የሙያ ፈቃዱን ፈተና አልፈው ነው እንደገና መሐንዲስ የተባሉት። እኔ ስደርስባቸው አንጋፋ ሆነው ነበር። የሚንቀጠቀጥ ፓምፕ ለማየት ስንጠራ መለኪያ መሣሪያውን ተሸክሜ እከተላቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ረጅም ካቻቢቴ አውጥተው ጫፉን ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚሽከረከረው ዘንግ የሚያርፍበት ክፍል፣ ካለበት ላይ ያሳርፉና እጀታውን ከጆሯቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጥቂት ቆይተው «ኩሽኔታው ደኅና ነው፤ የሚጮኸው ውሃው ነው፤ መምጠጫ ቧንቧውን ተመልከት» ይላሉ። መሣሪያው ብዙውን ጊዜ ያንኑ ይደግም ነበር፤ ሲሳሳቱም «ጆሮዬ አረጀ» ብለው ራሳቸው ይስቃሉ።

የቸገረኝ የጀልባቸው ነገር ነው። ጋሼ ባሕር ያዩት ከተሰደዱ በኋላ ነው። በ41 ዓመታቸው አንድ የሥራ ባልደረባቸው ለአንድ ከሰዓት በኋላ በሸራ ጀልባ ይዟቸው ወጣ፤ በዓመቱ 8 ሜትር ርዝመት ያላት ያገለገለች ጀልባ ገዙ። ወለሏ በስብሶ ሲረገጥ ስለሚሰረጉድ፣ በየቅዳሜው የተበላሸውን እየፋቁና ፋይበር ግላስ እየለበጡ ሁለት ዓመት ሙሉ አደሷት። ከዚያ በኋላ ለ26 ዓመታት ከእሷ አልተለዩም። ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለሱ በእርሳስ የሚጽፉባቸው 19 ደብተሮች ተገኝተዋል። በገጹ አናት ላይ አንድ ቁጥር፣ ቀጥሎ የነፋሱ አቅጣጫ፣ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ፤ ሌላ ነገር የለም። በእኔ ረቂቅ ውስጥ ይህ ሁሉ ነገር «በትርፍ ጊዜያቸው በጀልባ መንሸራሸር ይወዱ ነበር» በምትል የመጨረሻ መስመር ተጠቃሏል።

ይህን የሕይወታቸውን ክፍል የት ላግባው? ስለ ስደታቸውስ ምን ያህል ልናገር? እሳቸው ራሳቸው ስለ ጉዳዩ ብዙ አያወሩም ነበር፤ እኔ ደግሞ ሳይናገሩ የኖሩትን ለሰው አደባባይ ማውጣት ይከብደኛል። በዚያ ላይ የቃላት ችግር አለብኝ፤ ከሚያዳምጡት መካከል ብዙዎቹ በሸራ ጀልባ ላይ ቆመው አያውቁም፤ የጀልባውንም ዕቃ ሁሉ በአማርኛ ምን እንደምለው አላውቅም።

መልስ፦ አርታኢው

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በሥራዬ ምክንያት እንዲህ ያሉ ብዙ ጽሑፎችን አርሜአለሁ፤ ከሁሉ አስቀድመው «በትርፍ ጊዜያቸው» የሚለውን ሐረግ ይሰርዙት። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ተንበርክኮ የበሰበሰ ወለል የሚፍቅ ሰው ትርፍ ጊዜውን እያሳለፈ አይደለም። ሐረጉ ሲሰረዝ ዓረፍተ ነገሩ እንደሚፈርስ ያያሉ፤ ይፍረስ፤ በቦታው የሚተካው ከደብተሮቹ ውስጥ የሚገኝ አንድ የታወቀ ቀን መሆን አለበት።

በተቃራኒው በጣም እንዲጠነቀቁ የምመክርዎ ደግሞ ጀልባ ወዳጅ ሰው ሲሞት ብዕር ላይ ራሳቸው የሚመጡትን አባባሎች ነው። «የመጨረሻ ጉዟቸውን ጀመሩ»፣ «የሕይወትን ማዕበል ተሻግረው ጸጥ ወዳለው ወደብ ገቡ» የሚሉትን ማለቴ ነው። እነዚህ ለማንም ሟች ይሆናሉ፤ ለማንም የሚሆን ልብስ ደግሞ በማንም ልክ አልተሰፋም። ከዚህ የከፋው ስደታቸውን ከባሕር ጉዞ ጋር ማመሳሰል ነው። አንባቢው «ከአገራቸው ወጥተው እንደ ጀልባቸው በነፋስ ተገፉ» የሚል ነገር ይጠብቃል፤ እርስዎ አይስጡት። ደግሞስ ከጻፉት እንደምረዳው፣ ሰውየው ነፋስ እንዲገፋቸው የሚፈቅዱ ዓይነት አልነበሩም።

የኤሌክትሪክ መሐንዲሱን የቻርልስ ስታይንሜትዝን ነገር ያስቡ። እ.ኤ.አ. በ1865 ፕሩሲያ ውስጥ ብሬስላው ከተማ የተወለደው ይህ ሰው በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት ከአገሩ ሸሽቶ እ.ኤ.አ. በ1889 አሜሪካ ገባ፤ ስለ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሠራቸው ስሌቶችም ለሙያው መሠረት ሆኑ። ይሁንና ከመሐንዲስ ወገን ያልሆነ ሰው ስለ እሱ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ሞሃውክ ወንዝ ላይ በትንሽ ታንኳ ተቀምጦ፣ ከወዲያኛው ጠርዝ እስከ ወዲህኛው ጣውላ አጋድሞ፣ ወረቀቱን እዚያ ላይ ዘርግቶ ያሰላ ነበር። ያ ጣውላ ስለ ሰውየው ከሽልማቶቹ ዝርዝር የበለጠ ይናገራል። የእርስዎ ጋሼ ደግሞ ካቻቢቴ አላቸው፤ እርሳስም አላቸው። እነዚህን ሁለቱን በእጃቸው አስይዘው ይጀምሩ።

ስለ ስደታቸው የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ፤ እሳቸው የተናገሩትን ይጻፉ፤ ያልተናገሩትን ዝም ይበሉ። ሦስት ዓመት የሌላ ሰው ስሌት መገልበጣቸው ያለ አንድም የኀዘን ቅጽል ቢነገር ሰሚው ይገባዋል።

መልስ፦ ገመድ ያዥ

እኔም በሙያዬ የመካኒካል መሐንዲስ ነኝ፤ በሸራ ጀልባ መጓዝ ከጀመርኩም ቆየሁ። ስለዚህ ጥያቄዎን ያነበብኩት ከሌሎች ለየት ባለ ዓይን ነው፤ መልሴ ከረዘመ ይታገሡኝ።

በየገጹ አናት ላይ ያለው ቁጥር ከ0 እስከ 12 ባለው ውስጥ ከሆነ የነፋስን ብርታት የሚያሳየው የቦፎርት መለኪያ ለመሆኑ አልጠራጠርም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ያዘጋጀው ነው። የሚገርመው መጀመሪያ ሲሠራ የነፋሱን ፍጥነት አይለካም ነበር፤ የሚለካው ነፋሱ በአንድ የጦር መርከብ ላይ ምን እንደሚያደርግ፣ መርከቧም ስንት ሸራ ልትሸከም እንደምትችል ነበር። ማለትም ነፋሱን በሥራው ነው የሚያውቀው። ዛሬ ለየቁጥሩ ፍጥነት ተሰጥቶታል፤ 3 ማለት ከ7 እስከ 10 ኖት፣ 4 ከ11 እስከ 16፣ 6 ደግሞ ከ22 እስከ 27 ኖት ነው። አንድ ኖት በሰዓት 1,852 ሜትር ነው። ለ8 ሜትር ጀልባ 3 እና 4 ደስ የሚሉ ቀናት ናቸው፤ 6 ሲሆን ግን ቀልድ የለም። ደብተሮቹን ሲያገላብጡ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ገጽ ለብቻው ያንብቡት፤ የሰውየው ጠባይ እዚያ ይገኛል።

ለምን ቀልድ እንደማይሆን መሐንዲስ ላልሆነ አድማጭ በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በሸራው ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ ከ10 ኖት ወደ 14 ሲያድግ ፊታችን ላይ የሚሰማን ልዩነት ጥቂት ነው፤ ሸራው ግን እጥፍ ኃይል ተሸክሟል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ሸራውን አጥፎ የሚያሳንሰው ጀልባዋ ስትጋደም ሳይሆን ገና ሳትጋደም ነው። ባሕረኞች «ሸራ ልቀንስ ይሆን ብለህ ካሰብክ ሰዓቱ አልፏል» ይላሉ። ከፓምፑ ላይ መሣሪያው ከመጠምጠሙ በፊት የሚያዳምጡት ጋሼ ይህን ሕግ ሲሰሙ ምን ያህል እንደወደዱት ይታየኛል።

አድማጮች ግራ የሚገባቸው ነገር ጀልባዋ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እንዴት ትሄዳለች የሚለው ነው። በቀጥታ አትሄድም። ከነፋሱ አቅጣጫ በግምት 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ ሄዳ፣ ከዚያ ዞራ 45 ዲግሪ ወደ ግራ ትሄዳለች፤ እንዲህ እየተመላለሰች ትወጣለች። ቀጥ ያለ ዳገት ላይ የሚወጣ መንገድ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እየተጠማዘዘ እንደሚወጣ ማለት ነው፤ ዳገት የማያውቅ አድማጭ የለምና ይህን ይጠቀሙ። በዚህ መንገድ 10 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ቦታ ለመድረስ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። ወደፊት የሚወስዳት ምንድን ነው ቢሉ፣ ሸራው እንደ አውሮፕላን ክንፍ ጎብጦ ስለሚቆም የነፋሱ ኃይል ጀልባዋን ወደ ጎንና በመጠኑ ወደፊት ይስባታል፤ ከሥሯ ወደ ውሃው የሚወርደው ከባድ ክንፍ ደግሞ ወደ ጎን አልሄድም ይላል። እርጥብ ሳሙና በሁለት መዳፍ መካከል ሲጨመቅ ወደፊት እንደሚያመልጥ፣ በሁለቱ መካከል የተያዘችው ጀልባም የቀራትን አንድ መውጫ ይዛ ትሄዳለች።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። የጀልባውን ነገር የት ላግባው ብለዋል፤ እኔ ከሥራቸው መካከል ነው የማገባው፤ ምክንያቱም ፓምፕና ሸራ አንድ ትምህርት ናቸው። በፓምፕ ውስጥ የሚሽከረከረው ምላስ ውሃውን የሚገፋው ሸራ ነፋሱን በሚመራበት ሕግ ነው። የፈሳሹ ጉዞ ከምላሱ ገጽ ሲላቀቅ ፓምፑ ይደክማል፤ አየሩ ከሸራው ገጽ ሲላቀቅም ጀልባዋ ትደክማለች። የመምጠጫው ግፊት ሲያንስ ውሃው ውስጥ ትንንሽ የእንፋሎት አረፋዎች ይፈጠሩና ወደ ውስጥ ሲጨፈለቁ ጠጠር የሚፈጭ ይመስል ይጮኻሉ፤ ጋሼ «የሚጮኸው ውሃው ነው» ያሉት ይህንኑ መሆን አለበት። በሸራ ላይ ደግሞ ባሕረኞች ከሁለቱም ገጽ ቀጫጭን የሱፍ ክሮች ይለጥፋሉ፤ ሁለቱም ክሮች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ሲፈስሱ አየሩ ተስማምቷል፤ አንደኛው ሲወናጨፍ ገመድ መጥበቅ ወይም መላላት፣ አለዚያም መሪው መታረም አለበት። የካቻቢቴውና የሱፍ ክሩ ሥራ አንድ ነው፤ ዓይን የማያየውን ፍሰት ማንበብ።

ስለ ቃላቱ እምብዛም አይጨነቁ። ሸራ፣ መልሕቅ፣ መሪና ገመድ ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው። ሸራው የሚሰቀልበትን ምሰሶ የመጽሐፍ ቅዱሱ አማርኛ ደቀል ይለዋል፤ ያማረ ቃል ነው፤ ነገር ግን ሲነበብ ሰሚው ቆሞ እንዳያስብ አንድ ጊዜ «ደቀሉ፣ ማለትም የሸራው ምሰሶ» ብለው ካስተዋወቁት በኋላ እንደፈለጉ ይጠቀሙበት። ስም ያላገኙለትን ዕቃ በሥራው ይጥሩት።

አንድ ነገር ረስተዋል። የጀልባዋ ስም ማን ነበር?

መልስ፦ የወንድም ልጅ

ከላይ የተሰጡት መልሶች ጥሩ ናቸው፤ በአንዱ ግን አልስማማም፤ እሱን ወደ በኋላ አደርገዋለሁ።

አጎቴ እንደ እርስዎ ጋሼ መሐንዲስ፣ ስደተኛና የጀልባ ሰው ነበሩ። ሲሞቱ የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ጽሑፉ ከፍ እንዲል ብዬ «ውቅያኖሱን ብቻቸውን ያቋረጡ ጀግና» የሚል ነገር አስገባሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከዘመድ ስሰማው ያደግኩት ስለሆነ ማንንም አልጠየቅኩም። ሲነበብ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ደፉ። በኋላ ለብቻዬ ጠርተው «ልጄ፣ አጎትህ ጋር 15 ዓመት አብረን ወጥተናል፤ የባሕሩ ዳርቻ ከዓይናችን ተሰውሮ አያውቅም፤ እሱ ማታ ቤቱ መግባት የሚወድ ሰው ነበር» አሉኝ። ከዚያ አጎቴ ወደብ ላይ ለሌሎች ሰዎች ልጆች ሁሉ ቋጠሮ እንዴት እንዳስተማሩ ነገሩኝ፤ ጥንቸሏ ከጉድጓዷ ትወጣለች፣ ዛፉን ትዞራለች፣ ተመልሳ ጉድጓዷ ትገባለች እያሉ። ያ ቋጠሮ የቱንም ያህል ቢጎተት የማይንሸራተት፣ ሥራው ሲያልቅ ግን በጣት የሚፈታ ነው። እውነተኛው አጎቴ እሱ ነበሩ፤ እኔ ግን እንደ ሌላ ሰው አድርጌ ቀብሬአቸዋለሁ። ስለዚህ አብረዋቸው የወጡትን ሰዎች ሳይጠይቁ አንድ መስመር እንዳይጽፉ እለምንዎታለሁ።

የማልስማማው ከገመድ ያዥ ጋር ነው። ፓምፕና ሸራ አንድ ትምህርት ናቸው ማለታቸው እውነት ሊሆን ይችላል፤ እኔ የሙያው ሰው አይደለሁምና አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ሰው ጀልባ የሚወደው ሥራውን ስለሚመስል ነው ያለው ማን ነው? ምናልባት ሥራውን ስለማይመስል ይሆናል። በሥራ ቦታ ፈቃድ ጠይቆ፣ ፈተና ተፈትኖ፣ ቋንቋውን አስተካክሎ የኖረ ሰው፣ ነፋሱ የትውልድ አገሩን የማይጠይቀው ቦታ አገኘ ማለት ይቻላል። እውነቱ የቱ እንደሆነ ከባለቤታቸው በቀር የሚያውቅ የለም። እግረ መንገድዎን ባለቤታቸው ጀልባዋን ይወዷት እንደነበረ ይጠይቋቸው። የአጎቴ ባለቤት እስከ ዕለተ ሞታቸው «ጣውንቴ» ይሏት ነበር። ቅዳሜው ሁሉ ለጀልባ ሲሆን ልጆቹ ጋር የቀረ ሰው አለ፤ ይህም የሕይወት ታሪክ ነው።

የጀልባዋን ስም መጠየቃቸው ግን ትክክል ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1929 ለ50ኛ ዓመት ልደታቸው ወዳጆቻቸው የሸራ ጀልባ ሰጥተዋቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀልባዋ ተወረሰች። አሜሪካ ተሰደው ሌላ ትንሽ ጀልባ ሲያገኙ «ቲኔፍ» አሏት፤ በይዲሽ ቋንቋ የማይረባ ዕቃ ማለት ነው። መዋኘት እንኳ ሳይችሉ በእሷ ላይ ይወጡ ነበር። ያጡትንም፣ ያገኙትንም፣ ሳቃቸውንም በዚያች አንድ ቃል ውስጥ አስቀምጠውታል።

ተጨማሪ፦ ባለማስታወሻ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ቅዳሜ እሳቸው ቤት ሄጄ ከባለቤታቸው ጋር ደብተሮቹን አገላበጥን፤ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ቁጥሩ ገመድ ያዥ እንዳሉት የቦፎርት ቁጥር ነው። ከ19ኙ ደብተሮች ውስጥ በገጹ አናት ላይ 6 የተጻፈው አራት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከእነዚያም በሦስቱ ሥር የሚነበበው «አልወጣሁም» የሚል አንድ ቃል ነው። በአራተኛው ሥር «4 ሳለ ወጣሁ። ሸራ ዘግይቼ ቀነስኩ። ስሕተቱ የእኔ ነው» ይላል። ልጃቸው ይህን ስታይ ሳቀች፤ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ሆና ጀልባዋ ላይ ነበረች፤ አባቷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ጥንቸሏንና ዛፉን የመሰለ ቀልድ ሲነግሯት ነበር የዋሉት። እንደ ፈሩ ያወቀችው አሁን ነው።

ባለቤታቸውን ጀልባዋን ይወዷት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ባሕሩን አልወደውም፤ ያቅለሸልሸኛል። ግን ከሥራ ሲመጣ የማይናገር ሰው ከጀልባ ሲመጣ ያወራ ነበር፤ ስለዚህ ቅዳሜ ማታን እወድ ነበር» አሉ። ይህን እንዳለ አስገብቼዋለሁ። የወንድም ልጅና ገመድ ያዥ የተከራከሩበትን ጉዳይ ግን ባለቤታቸው አልፈቱልኝም፤ «ሁለቱም ነው፤ ምን ያጣላችኋል?» ነው ያሉት።

ስሟን በተመለከተ፣ ጀልባዋን የሸጠላቸው ሰው በእናቱ ስም ሰይሟት ነበር፤ ጋሼ ወለሏን፣ ገመዷን፣ ሸራዋን ሁሉ ሲለውጡ ስሟን አልነኩም። ምክንያቱን ልጃቸው ታውቃለች። እሳቸው ስደተኛ ሆነው ሲመዘገቡ የአባታቸው ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ ስለተያዘ፣ በሥራ ቦታ 30 ዓመት ሙሉ የተጠሩት በአባታቸው ስም ነበር። ልጅቷ ትንሽ ሳለች «ለምን የእኔን ስም አታወጣላትም?» ብላ ስትጠይቃቸው «የራሷ አላት፤ ከስሟ ጋር ነው የመጣችው» አሏት። ስለ ስደታቸው የምጽፈው ይህንኑና የሦስቱን ዓመት ግልበጣ ብቻ ነው።

አንድ ገጽ ደግሞ አለ። እናታቸው አገር ቤት ሲያርፉ ጋሼ መሄድ አልቻሉም ነበር፤ በማግስቱ ብቻቸውን ወደ ጀልባዋ እንደ ሄዱ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። የዚያን ዕለት ገጽ ስናገኘው እንዲህ ይላል፦ «3፣ ከደቡብ። ጥሩ ነፋስ ነበር። ሸራ አላነሣሁም። እስኪመሽ ተቀመጥኩ።»

ይህን ላነብብ አልችልም ብዬ ለልጃቸው ሰጥቻታለሁ፤ እሷ ታነብበዋለች። የእኔ ክፍል መግቢያ አሁን እንዲህ ሆኗል፤ ስሕተት ካለው አርሙኝ፦

«ጋሼ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሲያዩ መጀመሪያ ያዳምጡ ነበር። ፓምፕ ከሆነ ካቻቢቴያቸውን ከኩሽኔታው ወደ ጆሯቸው ያደርሱ ነበር፤ ጀልባቸው ከሆነች ደግሞ መዳፋቸውን ደቀሉ ላይ፣ ማለትም የሸራው ምሰሶ ላይ ያሳርፉ ነበር። አንድ ጊዜ ይዘውኝ ወጥተው ነፋሱ ሲበረታ ገመዱን በሁለት እጄ ጨብጬ ስጎትት አዩኝና፣ ‹ስትፈራ አትጎትት፤ ልቀቀው፤ እሷ ራሷ ቀና ትላለች› አሉኝ። ለቀቅኩት። ጀልባዋ ቀና አለች።»

መልስ፦ ገመድ ያዥ

እጅግ ጥሩ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ላርም። ገመዱ ጨርሶ ከተለቀቀ ሸራው እየተወራጨ ሰው ሊመታ ይችላልና ጋሼ «ልቀቀው» ያሉ አይመስለኝም፤ «አላላው» ብለው መሆን አለበት። ካስታወሱ ይመልከቱት።

መልስ፦ ባለማስታወሻ

ልጃቸውን ጠየቅኳት፤ «አላላው» ነው ያሉት። አርሜዋለሁ።